ሦስተኛው ኩርባ

ውርጩ ከሳሩ ላይ ገና አልተነሣ፣
ጭጋጉ ተኝቷል ቁልቁል በበሬሳ።
ከብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ ከግንቡ ጀርባ፣
ያልተመረቀው መንገድ፣ ባለ አምስት ኩርባ፣
እሑድ እሑድ ጠዋት ለእኛ ይለቀቃል፤
ዘበኛው ደምስስ ሰንሰለት ይፈታል፣
ስማችንን ጽፎ ደም ዓይነት ይጠይቃል።

አንተ፣ አዲስ ገቢው፣ ባለ ቀዩ ሞተር፣
አጥፋና ቅረበኝ፣ እስኪ እንነጋገር።

ስፔኪዮህን ንቀል፣ ካልሆነም ሸፍነው፣
ወደ ኋላ ማየት እዚህ ኃጢአት ነው።
ከኋላህ ያለ ሰው አንተ ነህ ዕዳው፣
ያንተም ዕዳ ያው ነው፣ ፊትህ የሚሄደው።
ፍሬቻውን ጠቅልል፣ መብራቱን በፕላስተር፣
ቢሰበር ስባሪው እንዳይዘራ በምድር።
ዘይት ያንጠባጥባል? እንግዲያው ደኅና ዋል፤
ያንተ አንዲት ጠብታ ስንቱን ሰው ይጥላል።
የላላ ሄልሜት ባርኔጣ ነው፣ ልጄ፤
ለሠርግ ይሆንሃል። አጥብቀው፣ ወዳጄ።

የሁለት ዙር ያህል ዝግ በል፣ ታገሠው፣
ውርጭ ያደረበት ጎማ ክፉ ኩርፊያ አለው።
ኩርባ ስትገባ ቦዩን አትመልከተው፣
ዓይን የሄደበት ነው ሞተር የሚሄደው።

መምህርት አስካለ ቀስ ብላ ትነዳለች፣
እንደ ፊደል ቆጣሪ መስመሯን ይዛለች።
ጋዝ እየሰጠህ ከጀርባዋ አትለጠፍ፤
ቀጥ ያለው ላይ ጠብቅ፣ በውጭ በኩል እለፍ።
ልትወጣ ስትል እጅህን አንሣ፤
ግራውን ነው እንግዲህ፣ ቀኙ ጋዝ አይርሳ።
ብትወድቅ አትሩጥ ብረት ልታነሣ፤
ከመንገዱ ውጣ፣ ሌላውን እርሳ።
ቢጫ ሳውለበልብ ማንም ማንን አይለፍ፤
ቀይ ካየህ ተመለስ፣ በዝግታ ተሰለፍ።

"አንተስ ለምን አትነዳም?" ትላለህ በሆድህ።
ሁሉም ይጠይቃል፣ አንተም ልክ ነህ።

ዓምና በጥቅምት ወር፣ በዚሁ ጠርዝ ላይ፣
ማንያዘዋል ነበር ከፊቴ የሚታይ።
ሰፋ አድርጎ ገባ፤ በውስጥ በኩል ያለች
ክንድ የማትሞላ ክፍተት ጠራችኝ፤ ና አለች።
ሽልማት አልነበር፣ ሰዓት የሚይዝ የለ፣
አንድ ልብ ነው ብቻ፣ "እለፈው!" ያለ።
ክርኔ ክርኑን ነካው። ያን ያህል ነው፣ በቃ።
እንደ ድስት ክዳን ወድቆ እንደሚንቋቋ።
እኔ አልወደቅሁም። እሱ ተንሸራቶ
አገኘነው ከገብስ ውስጥ፣ ጉልበቱ ዞሮ ቀርቶ።

ዛሬ ጠባሴ ላይ ጎማ ይለጥፋል፤
ስሄድ ወንበር ስቦ ሻይ ያዝልኛል።
ስለዚያች ጠዋት ቃል አውጥቶ አያውቅም።
እኔም አልጀመርኩም።
ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እዚያው እቆማለሁ፣
ያልጎደለ ጎማ "ሙላልኝ" እላለሁ።
ይለካዋል፣ በጥንቃቄ፣ እንደ ሐኪም፤
"ሠላሳ ሁለት" ይላል። "ሙሉ ነው።" እከፍላለሁ፤
መልስ ቢሰጠኝም አልቀበልም።

ባንዴራውን የያዝኩት ከዚያ ወዲህ ነው።
ማንም አላዘዘኝ፣ ማንም አልከለከለኝ።

በል ሂድ። ከሰዓት ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ፣
ጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ ጉም መንገድ ሲጋርድ፣
እዚያ ባንዴራ የለም፤ አይሱዙ ነው ያለው፣
ረጅም መብራት አብርቶ መሀሉን የያዘው።
እዚያ ዙር አይቆጠር፣ አስካለን የሚጠብቅ የለ።
ስለዚህ ሰንሰለቱን አልፈህ ከመውጣትህ በፊት
ስፔኪዮህን መልሰህ ግጠም።
ወደ ኋላ ማየት እዚያ ግዴታ ነው።

ደም ዓይነትህንስ ለደምስስ አስጽፈሃል?
እሺ።
አስነሣ።
ሦስተኛው ላይ ቀስ።